ደረት የሚያሞቀው ጃኬት ይውለቅልን

ለክቡር ኢንጂነር ጌብሃርት ፒርሽታለር
የኢነርፋል ከንቲባ፣ የቱሪዝም ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የነፍስ አድን ቡድኑ የበላይ ጠባቂ፣ እንዲሁም የደንብ ልብስ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለመላ አካልዎ ጤናን፣ በተለይም ለደረትዎ ሙቀትን ከልብ እመኛለሁ። የደረት ብርድ ክፉ ነው፤ እርስዎም ይህን ከማናችንም በላይ ስለተረዱት ነው ባለፈው መኸር ለነፍስ አድን ቡድናችን በባትሪ የሚሞቁትን ቀያይ ጃኬቶች ያመጡልን። በእኛ መንደር ከንቲባም ሆነ ከብት ጠባቂ አንተና አንቺ ነው የሚባባለው፤ እርስዎ መባባል የምንጀምረው ስንኳረፍ ነው። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊደል የቆጠርን ሰዎች ስንሆን ዛሬ እርስዎ ብዬ ስጽፍልዎ፣ አክብሮቴ ከወትሮው ምን ያህል እንደጨመረ ሳይረዱልኝ አይቀሩም።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ ስሜ ክሬሰንስ ፕላንገር ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነኝ፤ ቡድኑ ከተራራ ሲወርድ የገብስ ሾርባውን የሚጠጣው እኔ ወጥ ቤት ነው። ሜናና ፊጊል የሚባሉ ሁለት ልጆች ወልጄ ነበር፤ ሁለቱም የቡድኑ አባላት ነበሩ። አሁን ሜና ቀርታልኛለች።

አንደኛ፣ ስለ ጃኬቶቹ አሠራር ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በግራ ደረት ላይ የመፈለጊያ ኪስ አለ፤ ከጎኑ የስልክ ኪስ፣ ከኪሶቹ ጀርባ የሚሞቀው ሽቦ፣ ከሥር ባትሪው፣ ከላይ መብራቱ። ይህን ሁሉ አንድ ደረት ላይ ማሳደር የቻለ ልብስ ሰፊ በእውነት ሽልማት ይገባዋል። ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን ጋዜጣ ለሚያነቡ የከተማ ሰዎች ብቻ ላስረዳ፦ መፈለጊያ ማለት ተራራ የሚወጣ ሁሉ የሚታጠቀው፣ የበረዶ ናዳ ሲቀብረው ከሥር ሆኖ የሚጣራለት ትንሽ መሣሪያ ነው። ከላይ የቀሩት የየራሳቸውን ወደ ማዳመጥ ይለውጡትና ጥሪውን እየተከተሉ ይቆፍራሉ። ስልክና ባትሪ ሲጠጉት ግን ግራ ይጋባል፤ የሌለ ሰው ይሰማዋል፣ ያለውን ያጣዋል። ይህ መሣሪያው አብሮት በሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ለመረዳትም ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። እርስዎ ግን ኢንጂነር ነዎት።

ሁለተኛ፣ ጃኬቶቹ ሳይፈተሹ ተሰጡ ብለው የሚያሙዎትን ሰዎች እቃወማለሁ። በሚገባ ተፈትሸዋል። የቡድኑ መሪ ኦትማር ጃኬቶቹ በተባረኩበት ዕለት እዚያው አደባባይ ላይ «ጌብሃርት፣ ይሄ ነገር ከመፈለጊያው ጋር ይስማማል?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ «አንተ ደግሞ፣ በሩ አረንጓዴ አብርቶላችሁ የለ? ይልቅ ፎቶ አንሺው እየጠበቀ ነው፣ ወደ መሃል ግባ» ነበር ያሉት። እውነትም አብርቷል። በተራራው መንገድ አፍ ላይ ያለው በር የሚያልፍ ሰው ሁሉ መፈለጊያው እየተጣራ መሆኑን ይፈትሻል፤ ሁሉም አረንጓዴ እየበራላቸው በኩራት አለፉ። መሣሪያው መስማት ይችል እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ በሩ የሚያውቀው መጣራቱን ብቻ ነው። ከዚያ ቄሳችን ጠበል ረጩባቸው፤ እኛ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ አንዴ የተባረከን ዕቃ አይሆንም ብሎ የሚመልስ ሰው አልተፈጠረም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥሩ ዕድላችን። ናዳው ሮስካር በሚባለው ተዳፋት ላይ የወረደው ቡድኑ እዚያው ልምምድ ላይ ሳለ ነው። ፊጊል ቁልቁለቱን በስኪ ቀድሞ ሲያቋርጥ በረዶው ከሥሩ ተቆረጠ፤ እህቱና ጓደኞቹ ቆመው እያዩት ተወሰደ። ካፋፍ ወርደው አጠገቡ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ አካፋ አላቸው፣ ጉልበት አላቸው፣ ደረታቸውም ሞቋል። ስልኮቻቸውም ለቱሪዝም ማኅበሩ ገጽ ቪዲዮ እንዲያነሱ በታዘዘው መሠረት ኪሳቸው ውስጥ ሥራ ላይ ነበሩ።

ኦትማር «እዚህ ነው፣ ቆፍሩ» አለ። ቆፈሩ፤ ባዶ ነው። «የለም፣ እዚህ ነው» አለ፤ እዚያም ባዶ ነው። የመፈለጊያው ማሰሪያ ኪሱ ላይ በአጭሩ ስለተሰፋ ከደረት አርቆ መያዝ አይቻልም። ሜና ያን ቀን ማታ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ፣ የመፈለጊያው ቀስት ወደ እኔ ነው የሚዞረው። ስዞር አብሮኝ ይዞራል። ለካ ሳሳድደው የነበረው ራሴን ነው።»

በመጨረሻ ከቁፋሮው ብዛት ላብ ሲያጠምቃት፣ መፈለጊያውን ከማሰሪያው ፈትታ ጃኬቱን ወዲያ ወረወረችው። ሌላ ምንም አላደረገችም። ወዲያው ቀስቱ ቀጥ አለላት፤ ርቀቱን የሚያሳየው ቁጥርም በየእርምጃዋ እያነሰ ደጋግመው ወደረገጡት ቦታ ወሰዳት። በሸሚዟ ሆና ወንድሟን አወጣችው። ፊጊል ግን ትንፋሽ አልነበረውም። የኢንስብሩክ ሐኪም «ትንሽ ቀደም ተብሎ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና እኔን ሲያየኝ ተወው።

አራተኛ፣ ኮሚቴዎ ስለላከልኝ የምርመራ ውጤት እጅ እነሳለሁ። ፍለጋው የዘገየው «ከፈላጊዎቹ አንዷ በሥጋ ዝምድና ምክንያት በስሜት በመረበሿ» እንደሆነ በዚህ ባማረ ወረቀት ባይነገረኝ ኖሮ፣ እኔ መሃይሟ አሁንም በባትሪ ሳመካኝ እኖር ነበር። ለሜናም ለብቻዋ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ የዚያን ዕለት ጋዜጣ ላይ በወጣው ፎቶ የደንብ ልብሱን ሳትለብስ ታይታለችና። ወንድሟን ያገኘችው ያንኑ ልብስ ስላወለቀች መሆኑ በማስጠንቀቂያው ላይ ቦታ ሳይበቃው ቀርቶ ይሆናል። ልጄ አሁን እህል አይወርድላትም። «ወረቀቱ ልክ ነው እማዬ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» ትለኛለች። ምን ብዬ እንደምመልስላት ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

አምስተኛ፣ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስላሳዩኝ ትዕግሥት። ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ። «ክሬሰንስ፣ ጃኬቶቹን ካቀረበልን የባትሪ ፋብሪካ ጋር ያለን ውል እስከ ፋሲካ ነው። እስከዚያ ጃኬቱን ያልለበሰ ተራራ አይወጣም፣ እኔም እጄ ታስሯል። ስልካቸውን እንዲያጠፉ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። «የሚሞቀው ሽቦስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ብርድ ነው እኮ» አሉኝ። እውነት ነው፣ ብርድ ነው። ፊጊልም ሳይበርደው አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ የአደጋ ጥሪው ደወል በተደወለ ቁጥር ሜና ያንን ጃኬት ለብሳ ትወጣለች። አትውጪ ብዬ በር ላይ ቆሜባት አውቃለሁ፤ እጄን ቀስ አድርጋ አንስታ አለፈችኝ። ነገ እሷ ብትቀበር የሚፈልጓት እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ በዚያው ልብስ፣ የየራሳቸውን ደረት እያሳደዱ። ሾርባውን ጥጄ መስኮት ላይ ቆሜ ቀያዮቹ ከተራራው ሲወርዱ እቆጥራቸዋለሁ፤ የመጨረሻው እስኪታየኝ ድረስ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ጌብሃርት፣ እባክህ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም፣ ካሳም ይቅርታም አልፈልግም። አስወልቃቸው። ያቺን አንዷን አትቅበርብኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡርነትዎ፣ አንተ ብዬዎታለሁ። እንደ ልጄ በስሜት ተረብሼ ነው።

ለሞቀው አመራርዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ውልዎ እስኪያልቅ ድረስ ተራራው በረዶውን ይዞ እንዲጠብቅዎ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ
ክሬሰንስ ፕላንገር
ከኢነርፋል

ማስታወሻ፦ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መንደሩ ሁሉ ባለበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በረዶ ውስጥ የፊጊልን መፈለጊያ እየተጣራ እቀብረዋለሁ። ከጃኬቶቹ አንዱን ይልበሱ፣ ሙቀቱን ይክፈቱት፣ ስልክዎንም ኪስዎ ይክተቱና ይፈልጉልኝ። ከሥሩ ማንም የለም፣ የእርስዎም ወንድም አይደለም፤ ስለዚህ እጅዎ አይንቀጠቀጥም። እስኪያገኙት ድረስ ሜና ቆማ ታይዎታለች።