ስለ ባለቤቴ መድኃኒትና ስለ ብስኩት ቆርቆሮው

ለክቡር አቶ ዳውወ ቴርፕስትራ፣
የማዘጋጃ ቤታችን የአረጋውያን እንክብካቤ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ የሽንት ፊኛዎ? የመርሳት ሕመም ላለባት ባለቤቴ ለሂስኬ የዋሉትን ውለታ በአደባባይ ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ነርሷን ባውክየን ስላስቀሩብን። ባውክየ ጠዋት ጠዋት በሁለት ሰዓት መጥታ ከሂስኬ ጎን ትቀመጥና ከረሜላ አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ፣ «እኔ የኔን ውጫለሁ፤ እማማ፣ ተራው የእርስዎ ነው!» ትላት ነበር። ሂስኬም መሸነፍ ስለማትወድ አምስቱንም ኪኒን ትውጣለች። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚፈጅ ብክነት መሆኑን ስለደረሱበት አደንቅዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ በምትኳ «የቤት ስሜት እንዲሰጥ» ብለው ስለላኩልን፣ ኪኒኖቿን ይዞ በሰዓቱ ራሱ ስለሚከፈተው ባለ አበባ ክብ ቆርቆሮ። ክቡርነትዎ የአገራችን ልጅ ነዎትና፣ በየቤታችን ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ሲከፈት ለእንግዳ አንድ ብስኩት ተሰጥቶ ክዳኑ እንደሚዘጋ አይጠፋዎትም። ሂስኬ ስሜን ብትረሳም ይህን አልረሳችም። ለፖስተኛው አንድ ኪኒን፣ ለጎረቤት አንድ፣ ለእኔም ለሃምሳ ሁለት ዓመት ባሏ፣ «ይውሰዱ ጌታዬ፣ አይፈሩ፤ አንድ ብቻ ታዲያ!» እያለች አንድ። እሷ ግን እንግዳ አይደለችምና አትቀምስም። የባውክየን ጨዋታ ብሞክር፣ «በሰው ቤት ገብተው ያዝዙኛል እንዴ?» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት የልብ ኪኒኗን ሳትወስድ ቀርታ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። በጣም ፈራሁ።

ሦስተኛ፣ ለቁጥጥር በመጡ ጊዜ ሂስኬ ያቀረበችልዎትን ኪኒን በትሕትና ስለዋጡ። ሽንት የሚያሸና ነው ልልዎት አፌን ስከፍት እርስዎ ዘግተዋል። ከሁለት ሰዓት ቆይታዎ አብዛኛውን በመጸዳጃ ቤታችን አሳልፈው ሲያበቁ፣ «ቆርቆሮው ባዶ ነው፤ ታካሚዋ መድኃኒቷን ሳታጓድል እየወሰደች ነው» ብለው መጻፍዎ ታላቅ ሥራ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ባውክየን ይመልሱልን። ሂስኬ ዛሬም ሁለት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቃታለች።

በዕድሜው ሁለተኛ ብስኩት አይቶ የማያውቅ፣ ክብርዎን ከሩቅ የሚያደንቅ ታዛዥዎ፣
ሼርድ ሁክስማ

ማሳሰቢያ፦ የፊታችን ማክሰኞ ድጋሚ ለቁጥጥር እንደሚመጡ ሰምተናል። ሂስኬ «ያ መጸዳጃ ቤታችንን የወደደው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች አንድ ኪኒን ለይታ አስቀምጣልዎታለች። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ባውክየን ይዘው ከመጡ ኪኒኑ ለሂስኬ ለራሷ ይደርሳል፤ ብቻዎን ከመጡ ግን እምቢ ማለት ነውር ነውና ይውጡታል።