የተደፈነው የሶባ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ወንድሜ ሰይዴ፣ የጥንቷ ከተማ ሶባ ፍርስራሽ ባለበት ጉብታ ሥር ቆፍረህ ያወጣኸው የጥንት ቤተ መንግሥት ግድግዳ አሁን አይታይም። ተመራማሪዎቹ አጥንተው ሲጨርሱ፣ እንዳይፈርስ ብለው መልሰው አፈር አለበሱት። «ሳይደፈን አሳይሃለሁ» ብለኸኝ ነበር፤ ሞት ቀደመህ።

ደክሞኛል። አለቃህ ትናንት ለቅሶ መጥቶ፣ «ቅዳሜ አዲስ ቁፋሮ እንጀምራለን። ክንድህ ቀጭን ቢሆንም ይለመዳል። ያላ፣ ተነሥ፣ በወንድምህ ቦታ ግባ» አለኝ። አንተ ከትምህርት እንድቀር አትፈልግም ነበር። ካልሠራሁ ግን የምበላው የለኝም።

ዛሬ ብቻዬን አድሬ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ዩኒፎርሜን ለብሼ ወደ ትምህርት ቤት ተሳፈርኩና ጉብታው ጋ ስደርስ ወረድኩ። «ዐም»፣ አጎቴ፣ የምለው ዘበኛው ኢድሪስ እጄን ይዞ ወስዶ፣ «ወንድምህ የቆፈረው እዚህ ጋ ነው» አለኝ። ደረቅ አፈር ብቻ ነው። ተቀመጥኩበት።

ትምህርት ቤት የደረስኩት አርፍጄ ነው። መምህሩ «የት ነበርክ?» ሲለኝ፣ «ወንድሜ ጋ» አልኩት።