ሳትነሳ የቀረህበት ጭፈራ

ተሾሜ ሆዴ፣

ይህ ደብዳቤ የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ ወዳለህበት አገር ፖስታ አይሄድም። ካሸለብክ አሥራ ስድስት ክረምት አለፈ። እስከ ዛሬ የምነግርህን ሁሉ በልቤ እነግርህ ነበር። ሰሞኑን ግን በልብ ብቻ የማይያዝ ነገር መጣብኝና ብዕር አነሳሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ራስህን ውቀስ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። የሣሩን ክዳን አንስተን ቆርቆሮ አልብሰነዋል፤ ዝናብ ሲመታው እርስ በርስ አንሰማማም። በበጋ የጭነት መኪና እኛው ራቤል ድረስ ይመጣል፤ ሾፌሩ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ ወርዶ ጎማውን በእግሩ እየመታ ሲዞር አገሩ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። አንተ ያስተማርክበት የጭቃ ቤት ፈርሶ በቦታው የድንጋይ ትምህርት ቤት ተሠርቷል። እናትህ አሉ። ዓይናቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው እንዳለ ነው፤ እኔን ዛሬም ምራቴ አይሉኝም፣ የዚያ የእብዱ ሚስት ነው የሚሉኝ። የሳጥኑን ቁልፍ እንዳንገት ማተብ አንድ ቀን አውልቀውት አያውቁም ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ኋላ እመጣበታለሁ።

ልጅህ አስካለ አድጋለች። ስትለያት ገና ጡት መጣሏ ነበር፤ አሁን በቁመት አልፋኛለች። ስትከራከር ቅንድቧን ታነሳለች፣ ያን ጊዜ አንተን ያየሁ እየመሰለኝ ክርክሩን እተውላታለሁ። ግርማ የሚባል ጨዋ ልጅ አጭቷታል፤ እንዳንተው አስተማሪ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ለዘውድ በዓል መሐል ሜዳ ከተማ በሚደረገው የጥንድ ጭፈራ ውድድር ራቤልን ወክለው እንደሚወጡ ሁለቱም እየተቀባበሉ ነገሩኝ። እሰይ አልኩ። ምን ልትጨፍሩ ነው ብላቸው አስካለ የአባቴን አለችኝ። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ ታስታውሳለህ። ለአስተማሪዎች የክረምት ትምህርት ሄደህ ስትመለስ ወሬህ ሁሉ ሲኒማ ቤት ስላየኸው ነገር ሆነ። ዋናው ፊልም ሳይጀመር፣ ወንድና ሴት ፈረንጆች ከጫማቸው ሥር ቢላዋ የመሰለ ብረት አስረው በረዶ ላይ ሲጨፍሩ፣ ዳኞችም ተደርድረው ቁጥር ሲሰጧቸው አየሁ አልከን። እናትህ፣ ሰው በረዶ ላይ ከቆመ የሚያስጨፍረው ብርዱ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ዳኛ ምን ያደርጋል ብለው ሳቁብህ። አንተ ግን አልሳቅህም። ብዙዎቹ ጥንዶች የጋለ ሙዚቃ መርጠው ሲበሩ ተመልካቹ አጨብጭቦ ዝም አለ፤ ያሸነፉት ቀስ ባለና በሚያሳዝን ዜማ የወጡት ናቸው አልከን። ሴትየዋ ልትሰናበት፣ ሰውየው አልለቅሽም ሊል፣ ፊታቸው ከእግራቸው እኩል ይጨፍር ነበር። የጋለ ዘፈን የእግርን ስሕተት ይሸፍናል፣ ቀስ ያለ ዜማ ግን ሰውን ራቁቱን ያቆመዋል ያልከው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ለዘውድ በዓሉ እኔና አንተ ጥንድ ሆነን እንድንወጣ ወሰንክ። አስተማሪው ከሚስቱ ጋር አደባባይ ሊውረገረግ ነው ተብሎ ራቤል ሲስቅብን ከረመ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ደስታዬ የቆመው ዜማውን ስትነግረኝ ነው። ከአገሩ ዘፈን ሁሉ መርጠህ መርጠህ የለቅሶውን ዜማ አመጣህ።

ያ ዜማ እኛ አገር ሬሳ ሳይኖር ከአፍ አይወጣም። ሴት ልጅ ወፍጮ ላይ ሆና ብታንጎራጉረው እናቷ አፏን ትላታለች። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ የዚሁ አፈር ልጅ ነህ። አንተ ጭራሽ ታሪክ አበጀህለት። አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር ሲጫወት ድንገት ይወድቃል፤ እሷም ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ታለቅስለታለች፣ በመጨረሻም ነጠላውን ታለብሰዋለች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ብቻ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ማሲንቆ መቺው አያ ወልዴ ይህን ሰምተው ተነሥተው ሊሄዱ ሲሉ ነው የታሪኩን ፍጻሜ የነገርካቸው። የተኛው ሰው ቀኝ እጁን ከነጠላው ሥር ያወጣል፣ ሚስቱ ትይዘዋለች፣ ይነሳል። ዜማው ያው የለቅሶው ነው፣ ግን ሲፈጥን የሠርግ ይሆናል፣ እስኪ ይምቱት አልካቸው። አያ ወልዴ እየተጠራጠሩ አፈጠኑት። እውነትም የሠርግ ሆነ! የእናትህ ትከሻ ሳያስቡት ሲነቃነቅ አይቻለሁ። አያ ወልዴ ያን ጊዜ እሺ አሉ፤ ብቻ መነሳቱ ሳይመታ ቢያቋርጡኝ ለቅሶው እናንተው ላይ ነው የሚቀረው ብለው አስጠነቀቁን።

ልምምዳችን ጧት ጧት ነበር፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መስክ ላይ፣ ፀሐይ አመዳዩን ሳታቀልጠው። የፈረንጆቹ በረዶ ከራቤል ውርጭ በምን ይበልጣል ትል ነበር። ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። በዚያ በሚያዳልጥ ጫማህ ልሽከርከር ስትል አንድ ሁለቴ የምርህን ወደቅህ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለቅሶውን ከፊትሽና ከትከሻሽ ላይ ይዩት፣ ድምፅ አታሰሚ እያልክ ታርመኛለህ። አንድ ጧት ተኝተህ ስትነሳ፣ የተኛህበት ቦታ በነጩ አመዳይ መሃል የሰው ቅርጽ ሆኖ ጠቁሮ ቀረ። እናትህ ቆሎ ይዘውልን መጥተው ነበርና አዩት። ከራሱ ጀምረው እስከ እግሩ ድረስ እየረገጡ አጠፉት። ልጄን በቁሙ አታልቅሽበት አሉኝና ሄዱ። አንተ ሳቅህ። የእኔ ሳቅ እዚያው ቆመ።

መሐል ሜዳ ላይ ከእኛ በፊት የወጡት ሁሉ በከበሮና በጭብጨባ ሜዳውን አናውጠውት ነበር። የእኛ ተራ ደርሶ ማሲንቆው ብቻውን ሲጀምር ሕዝቡ ጭጭ አለ። ከልምምዱ ሁሉ አብልጠህ ወደቅህ። ነጠላዬን ዘቀዘቅሁ፤ እንዳስተማርከኝ ደረቴን ሳልመታ እጄን ደረቴ ላይ አዘገየሁት። ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት ወየው አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። የየራሳቸው ሟች ትዝ ብሏቸው ነው እንጂ ለእኛ አልነበረም። ነጠላውን አልብሼህ፣ ዜማው ሊፈጥን ጥቂት ሲቀረው፣ እጅህን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ያኔ ሕዝቡ ሜዳውን የከለለውን ገመድ ጥሶ ገባ። ሴቶቹ እላያችን ላይ ተደፉ፣ አያ ወልዴን ገፍተው ጣሏቸው፣ የማሲንቆው ጭራ ተበጠሰ። ለዳኝነት የተቀመጡት ሹም ከወንበራቸው ተነሥተው በቃ፣ በቃ እያሉ አስቆሙት። አንተን ከሥር ጎትተው ሲያወጡህ አቧራህን እያራገፍክ ትስቃለህ፤ አንደኛ ወጣችሁ ሲሉ ሰምተሃላ። መነሳቱ ግን ሳይጨፈር ቀረ። አያ ወልዴ የተበጠሰውን ጭራ በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ ሲያዩ የነበረው ፊታቸው አሁንም ይመጣብኛል።

ሽልማቱ ሙሉ ጣቃ አቡጀዲ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሩ ነጭ ጨርቅ ተሸለመ ይባላል። እናትህ ከበሩ ላይ ተቀብለው፣ አስለቅሰው ሲያበቁ መግነዙንም ጨምረው ላኩልኝ አሉና ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። አንተ ለሸሚዝ ብትለምናቸው፣ እኔ ለአስካለ መጠቅለያ ብለምናቸው፣ አንዲት ስንዝር አልሰጡም። ጨርቁ ካልወጣ ነገሩም አይወጣም ብለው ይመስለኛል።

በዓመቱ ወደ ዓለም ከተማ ትምህርት ቤት አዛወሩህ። ለእረፍት ወደ ቤት ስትመጣ የወንጪትን ቆላ አቋርጠህ ትኩሳት ተሸክመህ ገባህ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወባ ነው አለ። ወባ መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ያንን ቆላ አልፎ ያልታመመ ማን አለ? ቢሆንም እናትህ ሳጥኑን ሲከፍቱ ቁልፉ ሲንቋቋ የሰማሁትን ወባ ነው ተብዬ አልረሳውም። ለአንተ የሚበቃውን ቀደዱና ቀሪውን መልሰው ቆለፉበት።

ቀብርህ ላይ የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ላለቅስልህ ተነሳሁ። ሰውነቴ የሚያውቀው ግን ያንን ያስተማርከኝን ብቻ ነበር። ትከሻዬ ራሱ ሄደ፣ እጄ ደረቴ ላይ ራሱ ዘገየ። መሐል ሜዳ የነበሩት ሰዎች አወቁት፤ እየተያዩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ አየሁ። ቃሬዛው አጠገብ ስደርስ እጄን ዘረጋሁ። ጠበቅሁህ። ማንም ደፍሮ አልቀረበኝም። በመጨረሻ እናትህ መጥተው እጄን ያዙና ቀስ አድርገው አወረዱልኝ።

እንግዲህ ድንጋዩ ላይ ለምን እንደተቀመጥኩ ገብቶሃል። አስካለ የምታውቀው አገሩ የሚያወራውን ነው፤ በአገሩ ወሬ ደግሞ ጭፈራው የሚያልቀው አንተ እንደተኛህ ነው። መነሳቱን ከእናትህ ሌላ የምናውቅ እኔና አያ ወልዴ ብቻ ነን። ግርማን የት መደቡት መሰለህ? ዓለም ከተማ። ከበዓሉ በኋላ ይሄዳል፣ በዚያው በወንጪት አድርጎ። እንዴት አልፈራ? አትጨፍሩትም ብዬ ተቆጣሁ። አስካለ ቅንድቧን አነሳች፤ አንቺ ካላሳየሽን እንደሰማነው እንጨፍረዋለን አለችኝ። እንደሰማነው ማለቷ ተኝቶ የሚቀረውን ነው። እሱን ከሚጨፍሩትማ መነሳቱን ላሳያቸው ብዬ እያቃጠለኝ እሺ አልኩ።

እናትህ ይገሥጹልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሰምተውኝ ሲያበቁ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። አቡጀዲውን አውጪና ለልጁ እጀ ጠባብ ስፊለት፣ ከተሰፋ ወዲያ መግነዝ አይሆንም አሉኝ። ሰፋሁለት። ጨርቁ ባንዱ ጠርዝ ላይ እሳቸው ያኔ ለአንተ የቀደዱበት እንዳለ ነበር፤ እዚያ ላይ ሁለቴ ደርቤ ነው የሰፋሁት።

ልጆቹን ከመጨረሻው ጀመርኩላቸው። መነሳቱን ሳትችሉ መውደቁን አላሳያችሁም አልኳቸው። አያ ወልዴ አርጅተዋል፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዜማውን ሲያፈጥኑ ግን አይሳሳቱም። ዛሬ ጧት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨፈሩት። አመዳዩ እንደዚያን ጊዜው ነጭ ነበር። ግርማ ወደቀ፣ አስካለ አለበሰችው፣ ማሲንቆው ፈጠነ። እጁ አልወጣም። አያ ወልዴ ደገሙት። አልወጣም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለካ ሊያስደነግጠን ነው፤ እየሳቀ እጁን አወጣ፣ አስካለም ከት ብላ ሳቀች። በሕይወቴ ሰው በጥፊ መትቼ አላውቅም፣ ዛሬ ልመታ ነበር። ከተነሳ በኋላ ቅርጹ አመዳዩ ላይ ጠቁሮ ቀረ። እንደ እናትህ ልረግጠው ሄድኩ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ፀሐይ እስክታጠፋው አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ።

በዓሉ ቅዳሜ ነው። ከገመዱ ሥር እቆማለሁ። ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ክንዴን ዘርግቼ አግዳቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይርገጡኝ እንጂ ዜማው ሳይፈጥን አንዲት ሰው አታልፈኝም። ግርማ እጁን ካዘገየ፣ ልጄ አፍራ ብትሞትም፣ ገብቼ እኔው ራሴ ጎትቼ አስነሳዋለሁ።

አንተን አልረሳህም። መተኛትህንማ አገሩ ሁሉ ያስታውሰዋል፣ ለእሱ እኔ አላስፈልግም። እኔ የምይዝልህ አገሩ ያላየውን ነው፤ በዚያ መስክ ላይ፣ ጧት፣ እጅህን ከነጠላዬ ሥር አውጥተህ እጄን ይዘህ ስትነሳ። ይህን የማውቅ አንዲት ሰው እስካለሁ ድረስ ጭፈራችን አላለቀም። እጄ እንደተዘረጋ ነው ተሾሜ።

የዚያ የእብዱ ሚስት፣
የሺ