ስሟ የተሰማበት ሳል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከቡልቡላ ስመጣ ታክሲው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። ከሥር የሚመጣ ሳል። ሳልደርስ ወረድኩ፤ ቀሪውን በእግሬ። ባለቤቴ አዝመራ ካረፈች ወዲህ የሰው ሳል መስማት አልችልም። ጌታ ሆይ፣ መቼ ነው የሚለቀኝ?

የምሠራበትን ማሠልጠኛ አዳራሽ ወንበር ደረደርኩ፣ ውኃ አስቀመጥኩ፣ ስፒከሩን ሞከርኩ። አዲሶቹ ሠልጣኞች ወጣቶች ናቸው። ግማሾቹ ሐኪም፣ ግማሾቹ የኮምፒውተር ልጆች። የሳንባ በሽታን ከብዙ ሺህ ሰው በተሰበሰበ መረጃ ማጥናት ሊማሩ ነው የመጡት። አንዷ፣ ረሆቦት የምትባል፣ ገመድ ልትጠይቀኝ መጣች።

"ጋሼ፣ የዚህ ቤት ሶኬት ግማሹ ለጌጥ ነው እንዴ?"

አሳቀችኝ። "የምን መረጃ ነው የምታጠኑት?" አልኳት።

"ሳል። በየጤና ጣቢያው በስልክ የተቀዳ ሳል።"

ከታክሲ ወርጄ ሸሸሁት... እዚህ ቀድሞኝ ቁጭ ብሏል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ልጻፈው።

ከሻይ በኋላ ብርጭቆ ልሰበስብ ገባሁ። አሠልጣኙ ዶክተር ፀጋዘአብ መረጃ ስለማጥራት ያስተምር ነበር። "አሁን ደግሞ መጣል ያለበትን ላሰማችሁ" አለ። ሳል መጣ። ከዚያ የወንድ ድምፅ፦ "አዝመራዬ፣ አንዴ ብቻ ድገሚልኝ። ከሾላ ማንጎ አመጣልሻለሁ።" ሴትዮዋ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ።

ሠልጣኞቹም ሳቁ። "ማንጎ ካለማ እኔም እስላለሁ!" አለ አንዱ።

ድምፁ የኔ ነው። የኔዋ አዝመራ ናት።

"ስም ይሰማል" አለ ዶክተሩ። "ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ያለበት ቅጂ አይቀመጥም። ዓርብ ከሌሎቹ ጋር ይጠፋል።"

ያኔ ጤና ጣቢያ ነርሷ ስልኩን ወደ አዝመራ አፍ አስጠግታ ሦስት ጊዜ እንድትስል ጠየቀቻት። ሁለቴ ሳለች። ለሦስተኛው አቅም አጣች። ማንጎውን አመጣሁላት እኮ። ቀመስ አደረገችውና የቀረውን እኔ በላሁት።

በቁልምጫ ስለጠራኋት ልትጣል ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ስልኬ ላምበረት ከተሰረቀ ወዲህ ድምፅዋ የለኝም። ሳቋን ረስቼው ነበር ለካ። ከፍ ብሎ ይጀምርና መሐል ላይ ይሰበራል...

ዛሬ ሥራ ሳይኖረኝ የአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ደግመው አላሰሙትም። ሙታን ሳቢ፣ የሞተን ጠርቶ የሚያናግር፣ በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ነው ይላል ቃሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ምን እየጠበቅኩ ነው?

ከጸሎት ስንወጣ ወንጌላዊ እዝራን ስለ ቅጂው ጠየቅኩት።

"ሲቀዳ በሕይወት ነበረች?" አለኝ።

"ነበረች።"

"እንግዲያ ሙት አልሳብክም።" ኮቱን ለበሰ። "ግን ወንድም ላጲሶ... አንተ እንዳትሳብ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ለረሆቦት ነገርኳት። "ያ ማንጎ አመጣለሁ የሚለው ሰውዬ... እኔ ነኝ።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች። "ውይ ጋሼ! ይቅር ይበሉኝ። የዛን ቀንም ስቄ ነበር እኮ።"

"እሷም ስቃለች" አልኳት።

ዶክተሩ ጋ ወሰደችኝ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። "ለክፍሉ ማሰማት አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ከዚያ አስረዳኝ። ወይ ሙሉው ይጠፋል፤ ወይ የኔ ድምፅና የሷ ሳቅ ተቆርጦ ሳሏ ብቻ ይቀራል።

"ሳቋ ምን አደረገ?"

"ሳል ሰምቶ በሽታ እንዲለይ የምናስተምረው ማሽን ሳቁንም በሽታ ነው ብሎ ይማረዋል፣ አባቴ።"

"የሚቆረጠውን ለኔ ብትሰጡኝስ?"

አንገቱን ደፋ። "ከዚህ ኮምፒውተር ምንም አይወጣም። ለእርስዎ ብዬ ከከፈትኩት ለሌላም ይከፈታል። እስከ ነገ ያስቡበት።"

ቤት ገብቼ ተንበረከክኩ። ቢጠፋም ባይጠፋም ሳቋን አላገኘውም። ታዲያ "ሁሉም ይጥፋ" ማለት ለምን አማረኝ? ማንም እንዳይሰማት ነው? ቅናት ነው? በሷ ሳል የሌላ ሰው ሕመም ቀድሞ ቢታወቅስ...

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

"ሳሏን አስቀምጡት" አልኩ። "የሰጠቻችሁ እሱን ነው። ሳቋን ለእናንተ አልሰጠችም።"

ረሆቦት ከመቁረጧ በፊት የጆሮ ማዳመጫውን አቀበለችኝ። "አንዴ ይስሙት ጋሼ። ዶክተር ፈቅደዋል።" ኮሪደር ወጥታ ቆመች።

ሰማሁ። ሁለቱ ሳል። የኔ ልመና። ሳቋ። ከዚያ... ማክሰኞ የልጆቹ ጫጫታ የሸፈነው ነገር ነበር። ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ፦ "እሺ... ለማንጎው።" ከዚያ ሦስተኛው ሳል።

የመድገሚያው ቁልፍ እጄ ሥር ነበር። ጣቴን አስቀመጥኩበት። ሳልጫነው አነሳሁ።

"ጨርሻለሁ፣ ልጄ" ብዬ ጠራኋት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ልጆቹ ያጠሩትን ሲያሰሙ ዋሉ። ሳል በሳል ላይ። በር ላይ አልቆምኩም፤ ገብቼ ውኃ አደልኩ። የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ያለ ሳቋ አላወቅኳትም። ያኛዋ ትሆን? ወይስ ቀጥላ የመጣችው? ደነገጥኩ። ቆይቶ ግን ሁሉንም እሷን እንደምሰማ መስማት ጀመርኩ።

ስመለስ ታክሲው ውስጥ አንዲት ሴት ሳል ያዛት። አጠገቧ ያለው ፊቱን አዞረ። "እናት፣ ሸፈን አድርጊው እንጂ!" አለ ረዳቱ። ተሸማቀቀች። ልወርድ እጄ ወደ በሩ ሄደ...

ተነስቼ መስኮት ጋ ያለውን ቦታዬን ለቀቅኩላት። "አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ" አልኳት።

ስሟን አልጠየቅኩም። እስከ ቡልቡላ አብረን ሄድን።