መሬቱን የማይገለብጥ ማረሻ፦ የወይዘሮ አረጋሽ ምናሉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አረጋሽ ምናሉ ከአባታቸው ከአቶ ምናሉ ውባየሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮከብ ግዛው፣ በበቾ ሜዳ ከተጂ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ፣ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት አገር አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ጫማ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ፣ በጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ። ሴት ልጅ እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት አካባቢ ቢያድጉም፣ መቼ እንደሚታረስና መቼ እንደማይታረስ አባታቸውን እየጠየቁ፣ ሲያሻቸውም እየተከራከሩ አወቁ። አባታቸው በልጃቸው ክርክር ይስቁ እንጂ ተቆጥተው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወሊሶ አጠናቀው በ1973 ዓ.ም. አምቦ እርሻ ኮሌጅ ገቡ። በ1975 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቀው በዚያው በበቾ አካባቢ የልማት ሠራተኛ ሆነው ተመደቡ። ገበሬዎቹ አንዲት ቀጭን ሴት ስለ እርሻ ልታስተምራቸው ስትመጣ መጀመሪያ ፈገግ ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ ውኃ የሚያጠነፍፍ መደብ እንዴት እንደሚወጣ እያሳዩም አሥራ ሰባት ዓመት ሠሩ።

በ1980 ዓ.ም. ከመምህር ሀይለማርያም ጋር ተጋብተው ሮቤልንና ልዕልትን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ዴንቨር ገቡ። መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፉ አራት ዓመት ከሠሩ በኋላ የነርስ ረዳትነት ኮርስ ወስደው እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠሩ፤ እስኪታመሙ ድረስ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታትም ከዚያ አልወጡም። ቻምበርስ ሮድ ላይ ያለው አፓርትማቸው ከአገር ቤት ለመጣ ዘመድ ሁሉ የመጀመሪያው ማረፊያ ነበር። በ2008 የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ተክለሚካኤልም ሳሎናቸው ውስጥ ሁለት ዓመት ተኝቷል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው እርሱ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረውን ጥፋቱን ሌላ ሰው ከሚጽፍበት ራሱ መጻፍን መርጧል።

በመንከባከቢያው ሚስተር ዋልተር የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ከማንም ጋር አያወሩም፤ ምግብም ቢሆን ተለምነው ነው የሚቀምሱት። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ በመስኮት እያዩ ስለ እርሻቸው ጭቃ አጉረመረሙ። ወይዘሮ አረጋሽ ትራሱን እያስተካከሉ የበቾ ጭቃ ከዚያ እንደሚብስ ነገሯቸው። ሚስተር ዋልተር አልተዋጠላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ የማን አገር አፈር ይበልጥ አስቸጋሪ እንደሆነ ሲከራከሩ ሰውዬው ሳያውቁት ሳህናቸውን ይጨርሱ ጀመር።

የሚስተር ዋልተር መሬት ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ አርባ ደቂቃ በሚያስነዳ ሜዳ ላይ ያለ ሰማንያ ኤከር ከባድ አፈር ነው። በ2021 መጀመሪያ ላይ ከማረፋቸው በፊት ሴት ልጃቸውን ጠርተው መሬቱን ለአረጋሽ እንድታከራይ ነገሯት። ከወይዘሮ አረጋሽም አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ አፈሩ እንዳይጎዳ። ወይዘሮ አረጋሽ እጃቸውን ይዘው ቃል ገቡ። ልጅቱም የአራት ዓመት ውል ሰጠች፤ ዘመኑ ሲያበቃ የመሬቱን ይዞታ አይታ እንደምትወስን ተናግራ። በዚህ መሠረት ከቤተ ክርስቲያናችን አምስት ቤተሰቦች ስንዴ ለመዝራት ተባበሩ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። አምስቱም ቤተሰብ ሠራተኛ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሁሉም አንድ ላይ ኦፍ የሚሆነው በአሜሪካ የሠራተኞች በዓል፣ በሌበር ደይ፣ ብቻ ስለነበር፣ መሬቱ በዚያ ቀን እንዲታረስ ተወሰነ። ቅዳሜና እሑድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ከሁሉም ወይዘሮ አረጋሽ ብቻ በዓሉን ሥራ ላይ ስለነበሩ በስልክ "ተዉት፣ ይድረቅ" ቢሉም፣ ትራክ ነጂው ተክለሚካኤል "እትዬ፣ ሁላችንም ኦፍ የሆንነው ዛሬ ነው፤ ደግሞ እኮ ማሽኑ ጠንካራ ነው" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከጨረታ የገዛው ትልቅ ገልባጭ ማረሻ እርጥቡን አፈር እየገለበጠ አወጣው። በሳምንቱ ጓሉ የበሬ ራስ አክሎ ደረቀ። እርሱንም ለመፍጨት በዲስክ፣ ክብ ክብ ስለት ባለው መከስከሻ፣ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሱበት፤ አገር ቤት ደጋግሞ ያላረሰ ሰነፍ ይባል የለ? ላዩ ዱቄት ሆነ፤ ከሥሩ፣ አንድ ስንዝር ላይ፣ እንደ ሲሚንቶ የተጠቀጠቀ አፈር ተፈጠረ። ስንዴው እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ቀረ።

ወይዘሮ አረጋሽ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ማሳው ዳር ቆመው "ለሰውዬው ምን ልላቸው ነው?" ብቻ አሉ፤ ሚስተር ዋልተር ካረፉ ወራት አልፏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በየፍትሐቱና በየተዝካሩ የሙታን ስም ሲነሳ ሚስተር ዋልተርን እያሰቡ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ለሞተ ሰው የገቡትን ቃል እንደበሉ ነው የቆጠሩት፤ ሕመማቸው ከመጣ በኋላ እንኳ የሚያስጨንቃቸው ይኸው ነበር።

በ2022 የጸደይ ወራት የእርሻ መሣሪያ የመምረጡ ነገር ለእርሳቸው ተተወ፤ ደፍሮ የሚቃወም አልነበረም። አካፋ ይዘው በማሳው አሥራ ሁለት ቦታ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የተጠቀጠቀው አፈር የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በጣታቸው እየዳሰሱ ጻፉ። ወደ እርሻ መሣሪያ ሻጩ ግቢ የሄዱት አንዱን ጓል በፌስታል ቋጥረው ነው። ሻጩ ለባለቤታቸውና ለወንድማቸው ማስረዳት ሲጀምር ጓሉን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉለት። ሰውዬው ወደ እርሳቸው ዞረ፤ እስከ መጨረሻም ፊቱን ከእርሳቸው አላነሳም።

ከባዱን ዲስክ አዩና ተዉት፤ እርጥብ አፈር ላይ እንደ ቢላዋ እየለሰነ ያንኑ ጠንካራ ንጣፍ ይመልሰዋል። ጥርሱ በሞተር የሚሽከረከረውን ማረሻ አልፈለጉም፤ አፈሩን ዱቄት አድርጎ በመጀመሪያው ዝናብ ቅርፊት ያሲዘዋል። ወፍራም እግር ያለው ጥልቅ ሰንጣቂ ደግሞ አሮጌ ትራክተራችን የሚጎትተው አይደለም፤ ቢጎትተውም ከታች እርጥቡን ጓል እያነሳ ያወጣዋል። የመረጡት ቀጫጭን ጥርሶች በረድፍ የተሰኩበትን፣ ከኋላው ሮለር ያለውን፣ ጥልቀቱ እንደ ልብ ከፍ ዝቅ የሚል ካልቲቬተር ነው። መሣሪያው በጣም ከማነሱ የተነሳ ተክለሚካኤል አፍሮበት ነበር። እርሳቸው ግን "የአባባ ማረሻስ መቼ ገለበጠ? ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው" ብለው ያንኑ ገዙ።

በነሐሴ፣ መሬቱ እስከ ታች ደርቆ ሳለ፣ ትራክተሩ እንዲችለው ከጥርሶቹ ግማሹን አስወልቀው አንድ ጊዜ ብቻ ከጠንካራው ንጣፍ ሥር አሳለፉት። ከዚያ ወዲህ ከአራት ጣት በላይ እንዲገባ አልፈቀዱም። ገለባው ላዩ ላይ እንዲቀር አዘዙ። "ይህ አፈር ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያርሳል፤ እኛ ብቻ ሥራውን አናበላሽበት" ይሉ ነበር። ሕጋቸውም አንድ ነበር፤ ከሚታረስበት ጥልቀት አፈር ዘግኖ በሁለት መዳፍ መካከል ማሸት። እንደ ጧፍ ከተሾረ ገና እርጥብ ነውና ወደ ቤት፤ ከተፈረፈረ ወደ ትራክተሩ። ስንት ጊዜ ኦፍ ወስደን ሄደን ጧፍ ሠርተን ተመለስን! ስናጉረመርም አብረውን ይስቁ ነበር እንጂ ንቅንቅ አይሉም።

የ2023 አዝመራ ደህና፣ የ2024ቱ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በ2023 መጨረሻ በጉበታቸው ላይ ካንሰር ተገኘባቸው። ከአልጋ ከዋሉም በኋላ ስለ ስንዴው ብዛት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ከሥሩ ስላለው ንጣፍ ነበር። ልዕልት "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጃስት ሬስት" ትላቸዋለች። እርሳቸው ግን ዓይናቸው በር በሩን ነበር።

በዚህ ነሐሴ አጋማሽ፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ የሚስተር ዋልተር ልጅ መሬቱን ልታይ መጣች። ተክለሚካኤል በፊቷ አካፋውን ሰካ። ያለ ምንም ትግል እስከ እጀታው ገባ። አፈሩን ከነቅርጹ ቆርጦ በመጋገሪያ ትሪ አድርጎ ከእርሷ ጋር በቀጥታ እኅቱ ወደተኙበት ሆስፒታል ወሰደው። ወይዘሮ አረጋሽ ቀና ብለው ተደግፈው ተቀመጡ። የስንዴው ሥር የድሮውን ንጣፍ አልፎ ቁልቁል ወርዷል፤ አንድ ወፍራም የምድር ትል ደግሞ ነጩ አንሶላ ላይ ወጥቶ ነርሷን አስጮኻት። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት አፈሩ ፍርፍር አለ። የሚስተር ዋልተር ልጅ እያለቀሰች ውሉን እንደምታድስ ነገረቻቸው። እርሳቸውም በጣም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና "እፎይ! አሁን ሳገኛቸው አላፍርም" አሉ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። በማግሥቱ ካህን አስጠርተው ተናዘዙ፤ ቆረቡም። ከዚያ በኋላ ስለ አፈሩ አልጠየቁም።

ወይዘሮ አረጋሽ ምናሉ ነሐሴ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በሰላም ዐረፉ። ባለቤታቸውን መምህር ሀይለማርያምን፣ ልጆቻቸውን ሮቤልንና ልዕልትን፣ ወንድማቸውን ተክለሚካኤልን እንዲሁም በእጃቸው የታጠቡና የጎረሱ ብዙ አረጋውያንን ትተው ሄደዋል። እናዝናለን፤ ነገር ግን ቃላቸውን ፈጽመው፣ መፈጸሙንም በዓይናቸው አይተው ስለሄዱ ልባችን ዐርፏል።

ከነገ ወዲያ ሰኞ ሌበር ደይ ነው፤ አምስቱም ቤተሰብ ኦፍ ነው። ተክለሚካኤል ከሁሉ ቀድሞ ማሳው ይደርሳል። አፈር ዘግኖ በመዳፉ ያሻል። እንደ ጧፍ ከተሾረ ቁልፉን ከትራክተሩ ነቅሎ ይመለሳል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ያስታመሙትንም፣ ዛሬ የቆማችሁትንም ይባርክ። ዕድሜ ልካቸውን ለከባድ አፈር የራሩ እናት ነበሩና፣ አፈሩም ይራራላቸው፤ ይቅለላቸው። አሜን።