መሪዋ ቀንቷል፣ ድንቹ በሩ ጥግ ነው

ማሬ፣

እንቅልፍሽን ላለመረበሽ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። እኔ በሚኒባስ እብናት ገበያ ሄጃለሁ፤ መኪናችን ዛሬ ያንቺ ናት።

ወደ ግራ መሳቧ ቀርቷል! መጀመሪያ ዓይን በልቷት ነው ብለሽ ጠበል ረጨሽባት፤ ቀጥሎ ደግሞ "አንቺ መንዳት ስለማትችዪ ነው" አልሽኝ። ትናንት የጎማ አላይመንት የሚያስተካክሉበት ጋራዥ ወሰድኳት። አራቱም ጎማ ላይ እንደ ሰሌዳ ያለ ነገር ያስራሉ፤ ከፊት የቆመው ካሜራ እሱን እያየ የጎማውን መጣመም ስክሪን ላይ ያወጣል። የተጣመመው ቀይ ይሆናል። የኛ ሁሉም ቀይ!

መካኒኩ ግን ብሎን ከመንካቱ በፊት "ከኋላ በአንድ ጎን ምን ጭነሻል?" አለኝ። የኋላውን በር ስከፍት እናትሽ ከጉና ለአክስትሽ የላኩት አንድ ጆንያ ድንች! ጎንቁሏል እኮ። ለካ የአክስትሽን ስልክ የማታነሺው ለዚህ ነው። ጆንያውን አውርደን እንደገና ሲለካ ቀይ ሆኖ የቀረው የፊት ግራው ጎማ ብቻ ነበር፤ እሱንም አስተካከለው። እሑድ ከአንበሳሜ ስትመለሺ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደወጣሽ አልጠይቅሽም።

እጅሽ ግን መሪውን ወደ ቀኝ መያዝ ለምዷል። ዛሬም እንደዚያ ከያዝሽው ቦይ ውስጥ ትገቢያለሽ። ለቀቅ አድርጊው፤ ራሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ድንቹ በሩ ጥግ ነው። የመኪናዋን ቁልፍ ከጆንያው አፍ ጋር አስሬዋለሁ፤ ለአክስትሽ ሳታደርሺ የትም እንዳትሄጂ።

ማታ መናኸሪያ መጥተሽ ውሰጂኝ። ወደ ቤት የምነዳው ግን እኔ ነኝ።

ሠናይት