ጥቅሉ ይስፋ ወይስ ባለበት ይቆይ

ሰኞ
«እቃወማለሁ» የሚለውን ልነካ ነበር፤ ጣቴን መለስኩ። ስልክ በምጠግንበት ሱቅ ጥግ ያቆምኩት አሮጌ ኮምፒውተር የአንድ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ክሪፕቶ ገንዘብ ዝውውሮችን ያጣራል። በየአገሩ እንዲህ የሚያጣራ ሁሉ አንድ ድምፅ አለው። አሁን ሕጉ ይቀየር ተብሏል፤ ዝውውሮቹ የሚታሰሩበት ጥቅል በአራት እጥፍ ይስፋ ነው ነገሩ። ይፈጥናል ይላሉ። የእኛ የደብረ ታቦር ኢንተርኔት ይችለዋል? እንጃ። ድምፅ ለመስጠት እስከ ዓርብ ጊዜ አለ።

ማክሰኞ
አጣሪዎቹ በኢንተርኔት የሚያደርጉትን ክርክር ሳነብ ዋልኩ። ግማሹ አልገባኝም።
አያ ሙላት ስልካቸውን ሊያሠሩ ከጋፋት መጡ። የመስኖ ውኃ አባት ናቸው፤ ለገበሬው የውኃ ተራ ያወጣሉ። ነገሩን በውኃ መስዬ ነገርኳቸው።
«ቦይ ልንነካ ስንል መጀመሪያ የምንጠይቀው ጫፍ ላይ ያለውን፣ ውኃው መጨረሻ የሚደርሰውን ገበሬ ነው» አሉ። «እናንተ ጠይቃችኋል?»
«ማንም አልጠየቀም፣ አያ።»
«እንግዲያ ጫፍ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ተናገሪ። ግን ለክተሽ ተናገሪ። በግምት የሚናገረውን እኛም አንሰማው።»

ረቡዕ
አዲሱን ሕግ ለሙከራ ጫንኩት። ኮምፒውተሩ እንደማይችለው እርግጠኛ ነበርኩ። ቻለው። ትንሽ አፈርኩ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ያመለጠውን ሊይዝ ቢሮጥ ቢሮጥ አልደረሰም። በነባሩ ሕግ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ይደርስ ነበር። ለካ ችግሩ የጥቅሉ ስፋት ብቻ አይደለም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቶሎ መድረስ አለመቻሉ ነው። ይህን ማንም አልጻፈም።

ሐሙስ
ክርክሩ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። የለካሁትን ብቻ አስቀመጥኩ፣ ስሞታ የለበትም። አንዱ ኮምፒውተርሽን ቀይሪ ብሎ መለሰልኝ። ተናደድኩ፤ ወደ ጥገናዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሕጉ ይቀየር የሚለውን ሐሳብ ያቀረበችው ሴት ራሷ ጻፈችልኝ። መብራት በሳምንት ስንቴ ይጠፋል? ምን ያህል ይቆያል? ሙከራውን ሁሉ ያደረጉት መብራት በማይጠፋበት አገር ነበር አለችኝ። ምላሹን ጽፌ እጄ ዛለ።

ዓርብ
ድምፅ አሰጣጡ ተራዘመ። መብራት የሚጠፋባቸው ሌሎችም እየጻፉ ነው፤ መኖራቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ መብራት ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩን ቶሎ የሚያደርስ ዘዴ አክላ ላከችልኝ። እዚህ ሠራ፣ ግን አንዴ ብቻ ነው የሞከርኩት። ነገ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ገሳይ ከተማ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የእነሱ መብራት ከእኛም ይብሳል። እዚያም ከሠራ እደግፋለሁ፣ ካልሠራ እቃወማለሁ። የቱን እንደምመኝ ራሴም አላውቅ። ብቻ ለማየት ቸኩያለሁ።